በደቂቃ 15 ጥይት

ስለ 1914ቱ ጦርነት፣ ማለትም ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የሚያወራ ጽሑፍ ባገኘሁ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር አትቀርም። ቤልጅየም ውስጥ ሞንስ በምትባል ከተማ ጀርመኖቹ የእንግሊዞቹን የጠመንጃ ተኩስ የመትረየስ ተኩስ መስሏቸው ነበር የምትለዋ። አንዱ ከሌላው ይቀዳታል፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ። ደጋግሜ አልፌያት ነበር፤ በኋላ ግን ትከነክነኝ ጀመር። ሐሰት ናት ብዬ አይደለም። የተከነከንኩት በሌላ ነገር ነው፦ መትረየስ የሚባል መሣሪያ በዓለም ላይ እያለ፣ አንድ ሠራዊት ወታደሩን በጠመንጃ መትረየስ እንዲያክል ዓመታት ሙሉ የሚያሠለጥነው ለምንድን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ደቂቃዋ ስትመነዘር

የእንግሊዝ እግረኛ በየዓመቱ የሚያልፍበት የተኩስ ትምህርት 250 ያህል ጥይት ይፈጅ ነበር። ከዚያ ሁሉ መካከል ስሟ የገነነው አንዲት ልምምድ ናት። ተኳሹ በደረቱ ይተኛል። ዒላማው 300 ያርድ፣ ማለትም 274 ሜትር ላይ የቆመ፣ ወርዱም ቁመቱም 1.2 ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። ጠመንጃው አስቀድሞ ጎርሷል፤ አንድ ጥይት በአፈሙዙ በኩል ለመውጣት ተዘጋጅቶ፣ አራት ደግሞ በካዝናው። ዒላማው ብቅ ሲል ሰዓቱ መቆጠር ይጀምራል። እነዚያን 5 ከጨረሰ በኋላ አምስት አምስት ጥይት የተሰካበትን የቆርቆሮ መያዣ ከዝናሩ እያወጣ ሁለት ጊዜ ያጎርሳል። አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ደቂቃዋ ሳትሞላ 15ቱም መውጣት አለባቸው፤ መውጣት ብቻ ሳይሆን ማግኘትም አለባቸው።

60 ሰከንድ ለ15 ሲካፈል 4 ይደርሳል። ነገር ግን ሁለቱ ማጉረሻዎች እያንዳንዳቸው አራት አምስት ሰከንድ ይበላሉ። ለአንድ ጥይት የሚተርፈው እንግዲህ 3 ሰከንድ ከምናምን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መቀርቀሪያውን ማንሳት፣ መሳብ፣ መግፋት፣ ማውረድ፣ ዳግም ማነጣጠር፣ ምላጩንም ሳይነጥቁ መሳብ አለ።

ጀማሪውን የሚጥለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። መቀርቀሪያውን ሲስብ ሰደፉን ከትከሻው ያወርዳል። ባወረደ ቁጥር ዒላማውን እንደ አዲስ መፈለግ አለበት፤ ሦስቱ ሰከንድ እዚያ ያልቃል። የሠለጠነው ግን ሰደፉን ከትከሻው፣ ጉንጩን ከሰደፉ አይለይም። የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጁ ብቻ ነው። ይህ በጥይት የሚለመድ አይደለም፤ ባዶ ቀለህ ይዞ በሰፈሩ ግቢ ቀን በቀን እየተኙ መቀርቀሪያ ማመላለስ ነው።

ጠመንጃውም ያግዘዋል። ሊ-ኤንፊልድ መቀርቀሪያው 60 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ይከፈታል፣ እጀታው ወደ ታች ታጥፎ ከምላጩ አጠገብ ነው፣ መቆለፊያው ከኋላ ስለሆነም የሚመላለስበት መንገድ አጭር ነው። የመቺው ሞላ የሚወጠረው ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ በመሆኑ መክፈቻው ላይ እጅ አይታገልም። የጀርመኑ ማውዘር እጀታው ወደ ጎን የተገተረ፣ ለመክፈትም 90 ዲግሪ የሚዞር ነው፤ ካዝናውም 5 ጥይት ብቻ ይይዛል። የሊ-ኤንፊልድ 10 ይይዛል። ለትክክለኛነት ማውዘሩን የሚያስበልጡ ብዙ ነበሩ፣ እኔም አልከራከራቸውም፤ ለፍጥነት ግን ጥያቄ የለውም።

ጣጣው ጥይቱ ላይ ነው። የዚህ ጠመንጃ ቀለህ በግርጌው ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ካዝናው ውስጥ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከዋለ፣ መቀርቀሪያው ሲገፋ ሁለቱ ይጠላለፉና ጠመንጃው ይነክሳል። ስለዚህ በመያዣው ላይ ጥይቶቹ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ እያለ ይደረደራሉ። በተጣመመ መያዣ ወይም ጭቃ በነካው ጥይት የተጣደፈ ሰው ደቂቃዋን ከነክብሯ ያጣታል።

ውጤቱ በኪስም ይታወቅ ነበር። ከ200 ነጥብ 130 ያመጣ አልሞ ተኳሽ ይባላል፣ 105 ያመጣ አንደኛ ደረጃ፣ 70 ያመጣ ሁለተኛ ደረጃ። የተራ እግረኛ የቀን ደመወዝ 1 ሺሊንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ ሲሆን፣ የችሎታ ጭማሪው እስከ 6 ፔኒ ይደርሳል። የደመወዙን ግማሽ ማለት ነው። በደቂቃ 38 ጥይት ስለተኮሰ አሠልጣኝ የሚነገር ወሬም አለ። እሱን ለወዳጆቹ ትቼዋለሁ፤ 15ቱ ይበቁኛል።

የቸገረው

ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ ሰው አለ፦ ኖርማን ማክማሆን። ከ1905 እስከ 1909 በሃይዝ የተኩስ ትምህርት ቤት ዋና አሠልጣኝ ነበር። ባልደረቦቹ የተኩስ ዕብድ እያሉ ይቀልዱበት ነበር ይባላል። ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ቦዌሮች፣ ማለትም የደች ዘር ያላቸው ሰፋሪዎች፣ ማውዘር ይዘው ከማይታይ ቦታ ያደረሱት ጉዳት ለእንግሊዝ ሠራዊት ቁስል ነበር፤ የተኩስ ትምህርቱ እንዲከብድ ያደረገውም ያ ቁስል ነው። ማክማሆን ግን ከዚያ አንድ እርምጃ አለፈ። የወደፊቱ ጦርነት የተኩስ ብዛት የሚወስነው እንደሚሆን አይቶ ለእግረኛው ተጨማሪ መትረየስ እንዲገዛለት ተሟገተ። ገንዘቡ አልተገኘም። መትረየስ ካልተገዛ እንግዲህ ያለው ወታደር በያዘው ጠመንጃ መትረየስ ይሁን አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ።

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ለእኔ መልኳን የቀየረችው እዚህ ላይ ነው። እንደ ጀብዱ የሚነገረው የጠመንጃ ፍጥነት በሥሩ ያልተፈቀደ በጀት ነበር።

ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ጀርመኖቹ ምን ያህል መትረየስ ነበራቸው? 1,000 ሰው ያህል የሚይዘው የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር 2 መትረየስ ነበረው። ሦስት ሻለቃ ያለው የጀርመን ሬጅመንት ደግሞ 6። ለሻለቃ ሲካፈል ያው 2 ነው! ልዩነቱ ጀርመኖቹ ስድስቱን በአንድ መትረየስ ሻምበል ሥር አሰባስበው በተፈለገው ቦታ አንድ ላይ ማስቆም መቻላቸው ነበር። እንግሊዞቹ ሁለት ሁለት አድርገው በየሻለቃው በትነዋቸዋል። ሰዎች ጀርመን በመትረየስ ብዛት ቀደመች የሚሉት፣ በብዛት ሳይሆን በአያያዝ የቀደመችበትን ነው።

ቀላል ሒሳብ ልጨምር። የዚያ ዘመን መትረየስ በወረቀት ላይ በደቂቃ 500 ያህል ይተኩሳል፤ በተግባር፣ እያነጣጠረና እየተቆጣጠረ፣ ግማሹን ቢያወጣ ነው። ያንን ለማካካስ በደቂቃ 15 የሚተኩሱ 17 ሰዎች ይበቃሉ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። አሁን ደግሞ ዝናሩን እንመልከት። የ1908ቱ የእንግሊዝ ዝናር 10 ኪስ አለው፣ በእያንዳንዱ 15 ጥይት፤ በድምሩ 150። 150 ለ15 ሲካፈል 10 ነው። ወታደሩ በደረቱ ተሸክሞት የሚሄደው የ10 ደቂቃ ተኩስ ነው። ከዚያ በኋላ ከጋሪና ከበቅሎ እየተፈታ፣ 50 ጥይት በያዘ የጨርቅ ዝናር እየታሰረ፣ በጥይት መካከል በደረት እየተሳበ የሚደርስለትን ይጠብቃል። ስለዚህ "ፈጣን ተኩስ" የሚለው ትእዛዝ በአዛዡ አፍ የሚወጣው ጠላት ቀርቦ፣ ተጠጋግቶ፣ ገላጣ ላይ ሲገኝ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ የተኮሱ የሚመስለው ለእኛ ነው።

ሌላም አለ። ኦገስት 1914 ወደ ፈረንሳይ የተሻገሩት ሻለቃዎች ውስጥ ግማሹና ከዚያም በላይ የሚሆነው ከቤቱ የተጠራ ተጠባባቂ ነበር። እግረኛው በተለመደው ውል 7 ዓመት በሠራዊቱ፣ 5 ዓመት በተጠባባቂነት ያገለግላል። ይህ ማለት አንዳንዱ ለመጨረሻ ጊዜ በዒላማ ላይ ከተኮሰ ዓመታት አልፈውታል። እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም፤ እግር ግን ይረሳል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለእኛ አገር አንባቢ የእንግሊዝ ፈጣን ጠመንጃ ነገር ባዕድ አይደለም። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 እሮጌ ላይ፣ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር የያዘው የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በወረደው የቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሲተኩስ፣ ከዚህ ወገን 700 ያህል ሲሞት ከዚያ የቆሰለው 20 አካባቢ፣ የሞተው 2 ነበር። እዚያ ግን የተኩስ ፍጥነቱ የአንድ ወገን ብቻ ነበር። ሞንስ ላይ የሁለቱም ሆነ።

ኒሚ

ኦገስት 23፣ እሑድ። የእንግሊዝ ሁለተኛው ኮር፣ ማለትም ክፍለ ጦሮችን ያቀፈ ትልቅ ጦር፣ በሆራስ ስሚዝ-ዶሪየን አዛዥነት ከሞንስ በስተ ምዕራብ በተዘረጋው ቦይ ዳር ተሰልፏል። ጄኔራሉ ራሱ አዲስ ነው፤ ከርሱ በፊት የነበረው ጄምስ ግሪርሰን ኦገስት 17 በባቡር ላይ ሳለ ሞቷል። ቦዩ 20 ሜትር ያህል ስፋት አለው። አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ሞንስ ከተማ ሲደርስ ግን ወደ ሰሜን ይታጠፍና ከተማዋን ይዞራል። በካርታ ላይ ቆንጆ ነው፤ ለሚጠብቀው ወታደር መቃብር ነው፣ ምክንያቱም መታጠፊያው ላይ ያለውን ሰው ከሦስት አቅጣጫ መተኮስ ይቻላል። ኒሚ እዚያ መታጠፊያ ላይ ናት። ድልድዮቿን የሚጠብቀው ደግሞ የሮያል ፉዚሊየርስ 4ኛ ሻለቃ ነው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ኖርማን ማክማሆን።

አሠልጣኙ ራሱ፣ ትምህርቱ በሚፈተንበት ስፍራ ላይ።

ጠዋት ጀርመኖቹ ሲመጡ ተጠጋግተው ነበር የመጡት። የ18ኛው ክፍለ ጦር ሰዎች ናቸው። በዚያች ሰዓት ማክማሆን ለዓመታት ያሰበው ሁሉ ሆነ፤ ተኩሱ ወደ ድልድዩ የቀረበውን አጨደው። ከዚያ በኋላ ግን ጀርመኖቹ ተበታትነው፣ በዛፍና በአጥር ተከልለው መጡ፤ መድፋቸውም ሥራውን ጀመረ። የአካባቢው መልክዓ ምድር ለእንግሊዝ መድፈኛ መከራ ነበር፦ የከሰል ማዕድን ቁልል፣ የሠራተኛ ቤቶች፣ ግንብ፣ ቦይ። መድፍ የሚያቆሙበት ሜዳ የለም፤ ቁልሉ ላይ ሲወጡ ከፊታቸው ሌላ ቁልል ያገኛሉ። የእግረኛው ጠመንጃ ብቻውን ቀረ።

የሻለቃው ሁለት መትረየሶች በባቡሩ ድልድይ ላይ ነበሩ። አዛዣቸው መቶ አለቃ ሞሪስ ዲዝ። ተኳሽ ሲወድቅ ሌላ እያስቀመጠ፣ እሱም ደጋግሞ እየቆሰለ እስኪሞት ድረስ አልለቀቀም። በመጨረሻ ተራ ወታደር ሲድኒ ጎድሊ መትረየሱን ያዘ። ጓዶቹ እስኪያፈገፍጉ ድረስ ተኩሶ፣ ጊዜው ሲያልቅ መትረየሱን ፈታትቶ ቦዩ ውስጥ ጣለው፤ ቆስሎም ተማረከ። በዚህ ጦርነት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳልያዎች (የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሽልማት ነው) የእነዚህ ሰዎች ናቸው። በዚያው ሰዓት አቅራቢያ ከወዲያኛው ወገን ኒማየር የተባለ ወታደር በጥይት መካከል ዋኝቶ ተሻግሮ፣ ተዘዋዋሪውን የመኪና መንገድ ድልድይ ወደ ጀርመኖቹ እንዲዞር አድርጎ እዚያው ተገደለ። የእንግሊዝ መጻሕፍት እሱን በጨረፍታ ነው የሚያነሱት።

እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። የጠመንጃ ፍጥነት አባት በቆመበት ቦታ ድልድዩን እስከ መጨረሻ የያዙት እነዚያ ሁለት መትረየሶች ናቸው። አራት ቢሆኑስ? ስድስትስ? በወረቀት ላይ ከጠየቀው ጥቂቱ እንኳ እዚያ ቢኖርስ? ማክማሆን ያንን ቀን ምን እንዳሰበ መገመት አልፈልግም፤ እኔ ግን ሳስበው ጠመንጃውን ማወደስ ያስቸግረኛል።

ወደ መጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ስመለስ፣ የጀርመን ሬጅመንቶች ስለ ብዙ የእንግሊዝ መትረየስ መጻፋቸው እውነት ነው። ከፊሉ እውነተኛ መትረየስ ነበር፤ ኒሚ ላይ የሰሙት ዲዝን ነው። ከፊሉ ከማይታይ ቦታ የሚወጣ፣ ሰው ሲወድቅ ብቻ የሚታወቅ ተኩስ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሁሉም ሰው መትረየስ ይለዋል። የቀረው በእርግጥ 15ቱ ነው። የእንግሊዞቹ ጉዳት በዚያ ቀን 1,600 ያህል ነበር። የጀርመኖቹ ከዚያ ይበልጣል፤ የእንግሊዝ ወገን በኋላ እንዳጋነነው ግን አይደለም።

እግር

በማግስቱ ማፈግፈግ ተጀመረ። በ13 ቀን 320 ኪሎ ሜትር ያህል። ሰውየው 27 ኪሎ ገደማ ተሸክሟል፣ ከዚያ ውስጥ ጥይቱ ብቻ 4 ኪሎ ይጠጋል። ሙቀቱ የኦገስት ነው፣ መንገዱ ኮብልስቶን። ኮብልስቶን ላይ በአዲስ ጫማ የሄደ ያውቀዋል። ተጠባባቂዎቹ አዲስ ቦት ጫማ የተሰጣቸው ከቤታቸው በተጠሩ ሰሞን ነበር፤ ቆዳው ሳይለሰልስ፣ እግሩም ሳይጠነክር። ጫማውን ያወለቀ መልሶ ማጥለቅ አይችልም፣ እግሩ ያብጣል። ካፖርትና መቆፈሪያ መንገድ ላይ ይጣል ጀመር። መቆፈሪያው በኋላ ያስከፍላቸዋል።

ኦገስት 26 ስሚዝ-ዶሪየን "ለ ካቶ" በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ቆሞ ለመዋጋት ወሰነ፣ ሰዎቹ ከዚህ በላይ መራመድ አይችሉምና። መድፎቹ ከእግረኛው መስመር ጋር ተቀላቅለው ቆሙ፤ እግረኛውን አበረቱ፣ ራሳቸው ግን ተጋለጡ። ያ ቀን 7,812 ሰውና 38 መድፍ ወሰደ። ኮሩ ግን አመለጠ። አለቃው ፊልድ ማርሻል ጆን ፍሬንች ውሳኔውን መጀመሪያ አመሰገነ፣ በኋላ ነቀፈ። እኔ ከስሚዝ-ዶሪየን ጋር ነኝ።

በማግስቱ ሴን ካንታን ከተማ ውስጥ የደከሙ ወታደሮች አደባባይ ላይ ተዘርረው አንነሳም አሉ። ሻለቃ ቶም ብሪጅስ ከመጫወቻ መሸጫ ሱቅ የልጆች ከበሮና ዋሽንት ገዝቶ እየደበደበና እያስነፋ አስነሳቸው። ፈጣን ተኩስ ያስተማረ መመሪያ ለዚህ ምዕራፍ አልነበረውም።

ጭቃ

ማርን ወንዝ ላይ ጦርነቱ ዞረ፣ አፈግፋጊዎቹም ጀርመኖቹ ሆኑ፤ ስለዚያ ብዙ ስለተጻፈ አልፈዋለሁ። ኤን ወንዝ ላይ በሴፕቴምበር አጋማሽ ሁለቱም ወገን መሬት ውስጥ ገባ። እንግሊዞቹ አካፋና ዶማ ከገበሬ ቤት እየለቀሙ ነበር የቆፈሩት። መድፋቸው ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። የመስክ መድፋቸው፣ 84 ሚሊሜትሩ፣ የነበረው ሽራፕኔል ብቻ ነው፦ በአየር ላይ ፈንድቶ 375 ያህል የእርሳስ እንክብል የሚረጭ። ገላጣ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አስፈሪ ነው፤ ምሽግ ውስጥ ለገባ ሰው ግን በጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። መሬት የሚያፈርሰው ፈንጂ ለዚህ መድፍ የደረሰው ጦርነቱ ወራት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከኦክቶበር 19 እስከ ኖቬምበር 22 በቤልጅየሟ ኢፕር ከተማ ዙሪያ የሆነው የ15ቱ ጥይት የመጨረሻ ገበያ ነበር። በችኮላ የተቋቋሙ፣ ሥልጠናቸው አጭር የሆነ የጀርመን ተጠባባቂ ኮሮች ተጠጋግተው መጡ፤ ያ የድሮ ተኩስ እንደገና ሠራ። ግን ጭቃው መጣ። ጥይት ጭቃ ላይ ይወድቃል፣ ተጠርጎ ይጎርሳል፣ ቀለሁ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ መቀርቀሪያው አልከፈት ይላል። ወታደሩ በቦት ጫማው ይረግጠዋል። የጠመንጃ ዘይት ብርቅ ሆነ፤ መቀርቀሪያውን በካልሲና በጨርቅ የሚጠቀልሉ ነበሩ። በደቂቃ 15 የነበረው እዚህ ላይ የዕድል ጉዳይ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ከማርሴይ የገቡት የሕንድ ክፍለ ጦሮችም ቆመዋል። ኦክቶበር 31 ሆለቤክ አጠገብ የ129ኛው ባሉች ሬጅመንት ወታደር ኩዳዳድ ካን ጓዶቹ ሁሉ ከወደቁ በኋላ መትረየሱን ይዞ ቀረ፤ ከሕንድ ሠራዊት ቪክቶሪያ ክሮስ የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እዚህም መትረየስ። ያው ቀን ጌሉቬልት መንደር ላይ መስመሩ ተሰብሮ ከ400 የማይበልጡ የዉስተር ሬጅመንት ሰዎች በሳንጃ ሮጠው ደፈኑት።

ኢፕር 58,000 ያህል የእንግሊዝ ሠራዊት ሰው ጨረሰ፣ ቆስሎም ሞቶም ጠፍቶም። የሠራዊቱ ይፋዊ ታሪክ እንዳስቀመጠው ከሞንስ እስከ ኢፕር የተዋጉት ሻለቃዎች በኦገስት ካሻገሩት ሰው በአማካይ አንድ መኮንንና 30 ወታደር ያህል ብቻ ነበር የቀራቸው። ያ የእጅ ልምድ፣ ያ የግቢ ላይ መተኛትና መቀርቀሪያ ማመላለስ፣ የተከማቸው በዓመታት ነው፤ ያለቀው በ3 ወር። አዲስ የሚመለመለውን ሰው በዚያ ልክ የሚያሠለጥን ጊዜም አሠልጣኝም አልነበረም።

ኖቬምበር 11 የጀርመን ምርጥ ጦር የሆነው የፕሩሺያ ዘብ በሜኒን መንገድ ላይ ሲያጠቃ 4ኛው ሮያል ፉዚሊየርስ እዚያ ነበር። ኖርማን ማክማሆን በዚያ ቀን ተገደለ። በፌብሩዋሪ 1915 የእያንዳንዱ ሻለቃ መትረየስ ከ2 ወደ 4 ከፍ አለ። በኦክቶበር 1915 የእንግሊዝ ሠራዊት መትረየስን ብቻ የሚይዝ ራሱን የቻለ ኮር አቋቋመ።